ልጁ ሲመራ መምህሩ ምን ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዕትም ዓምዳችን በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ይቆያል። ሕፃናት ራሳቸው መርጠው፣ በእጃቸው እየነኩና እየሠሩ የሚማሩበት ክፍል በእርግጥ ያስተምራል ወይስ ጊዜ ያሳልፋል? ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከትምህርት ቤት ኃላፊዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱን መርጠን፣ አሳጥረን፣ ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ካስገባኋት ወራት አለፉ። ወደ ቤት ስትመለስ ልብሷ በቀለምና በአሸዋ ተለውሷል፤ ደብተሯ ግን ባዶ ነው። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስላት «ተጫወትን» ትለኛለች። የእህቴ ልጅ በዚሁ ዕድሜ ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ይጽፋል፣ እስከ መቶም ይቆጥራል። ልጄ ወደ ኋላ እየቀረችብኝ ይሆን? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ስጋትዎ የብዙ ወላጆች ስጋት ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ሆኖም በአራት ዓመት ልጅ ዘንድ ደብተር ጥሩ ምስክር አይሆንም። ልጅዎ እየተማረች መሆን አለመሆኗን ለመመዘን ቀኑን ሙሉ ከምትነካቸው ዕቃዎች አንዱን ወስዶ፣ በእሱ ምን እንደምትሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል።

የእንጨት ጡቦችን እንውሰድ። በብዙ የሕፃናት ክፍሎች የሚገኙት ቀለም ያልተቀቡ የእንጨት ጡቦች መነሻቸው ካሮላይን ፕራት የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነደፈቻቸው ናቸው። የመሠረታዊው ጡብ ውፍረት፣ ወርድና ርዝመት እንደ 1፣ እንደ 2 እና እንደ 4 ነው፤ ሁለት መሠረታዊ ጡቦች ጫፍ ለጫፍ ሲገጠሙ አንዱን ድርብ ጡብ በትክክል ያህላሉ፣ አራቱ ሲገጠሙ ደግሞ ከሁሉ የሚረዝመውን። ይህን ለልጅቷ ማንም አይነግራትም። ድልድይ ልትሠራ ሁለት ምሰሶ ታቆማለች፤ በላያቸው የምታጋድመው ጡብ ያጥራትና ይወድቃል። ታነሣዋለች፣ አዙራ በሌላ ጎኑ ታስቀምጠዋለች፤ አሁንም ይወድቃል። ትንሽ ቆም ብላ ካየች በኋላ አንዱን ምሰሶ ወደ ሌላው ታስጠጋለች፤ ጡቡም ይቀመጥላታል። በሌላ ቀን ምሰሶዎቹን ከማስጠጋት ይልቅ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ረዥሙን ጡብ ታመጣለች። ረዥሙን ሌላ ልጅ ቀድሞ ከወሰደው ሁለት አጫጭር ጡቦችን ጫፍ ለጫፍ ልትገጥም ትሞክራለች፤ መካከሉ ያለ ድጋፍ እንደማይቆም ስታይ ሦስተኛ ምሰሶ ትጨምራለች። መለካት፣ ማወዳደር፣ ግማሽና እጥፍ፣ ክብደትና ሚዛን የሚባሉት ነገሮች ሁሉ በዚህ ሥራ ውስጥ አሉ፤ ስማቸው ኋላ በትምህርት ቤት ሲነገራት ቀድማ የምታውቀው ነገር ይሆንላታል። መምህርቷ ገና ጡቡ እንደወደቀ መጥታ አስተካክላ ብታቆምላት ኖሮ ድልድዩ ቶሎ ይቆም ነበር፤ ልጅቷ ግን ድልድዩ ለምን እንደቆመ አታውቅም ነበር።

ስለ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እስከ መቶ መቁጠር ደስ የሚል ችሎታ ነው፤ ነገር ግን የቁጥሮችን ስም እንደ መዝሙር በተርታ መጥራትና ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳስቀመጡት፣ መቁጠር የሚችል ልጅ አምስት ነገሮችን ጨብጧል፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚሰጥ፣ የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል እንደማይለወጥ፣ የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር፣ ማንኛውም ነገር ሊቆጠር እንደሚችል፣ እንዲሁም ከየትኛው ዕቃ ቢጀመር ብዛቱ ያው እንደሆነ። ቤት ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሰባት ቁልፎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እንድትቆጥር ያድርጓትና እንደጨረሰች «ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቋት። «ሰባት» ካለች የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑን መረዳት ጀምራለች ማለት ነው፤ ከአንድ ጀምራ እንደገና ከቆጠረች ገና ነች። ከዚያም «አምስት ስጪኝ» ይበሏት። ይህኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ እስከ መቶ የሚቆጥር ልጅም እጁ የያዘለትን ያህል ዘግኖ ሊሰጥዎ ይችላልና አይገረሙ።

ስለ መጻፍ ደግሞ፣ የልጅ እጅ ጭቃ ሲያቦካ፣ ውኃ ከጠርሙስ ወደ ኩባያ ሳያፈስስ ሲገለብጥ፣ በመቀስ ሲቆርጥና ዶቃ በክር ሲሰካ እርሳስ ለመያዝ እየተዘጋጀ ነው። ቀድሞ ማንበብ መጀመር ዘላቂ ብልጫ ይሰጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በኒውዚላንድ በአምስት ዓመታቸው ማንበብ የጀመሩ ልጆች በሰባት ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ 11 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው በንባብ ችሎታቸው ልዩነት አልታየባቸውም። በፊንላንድም አንደኛ ክፍል የሚጀመረው ልጁ ሰባት ዓመት በሚሞላው ዓመት ነው። ይህ ግን ፊደልን ከልጆች መደበቅ ይገባል ማለት አይደለም፤ እንዲህ አድርገው የተረዱት ትምህርት ቤቶች መኖራቸውም ያሳዝናል። ታሪክ በየቀኑ ሊነበብላት፣ ቃላት በምን ድምፅ እንደሚጀምሩ ልትጫወትበት፣ ስሟንም በመቀመጫዋና በሥዕሏ ላይ ተጽፎ ልታየው ይገባታል። ስሜን ልጻፍ ብላ ከጠየቀች ያሳዩዋት፤ ጥያቄው ከእሷ መጥቷልና።

የልጅዎን ክፍል ለመመርመር መምህርቷን «ልጄ ምን ተማረች?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሳምንት ልጄ ምን ስትሠራ አየሽ?» ብለው ይጠይቋት። ልጆቹን በሚገባ የምትከታተል መምህርት «ሰኞ ዕለት ውኃው ከየትኛው ቀዳዳ አርቆ እንደሚፈስስ ስትሞክር ነበር፤ የታችኛው ቀዳዳ እንደሚያርቅ ካየች በኋላ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት» የሚል ዓይነት መልስ ትሰጥዎታለች። «በደንብ ትጫወታለች» ከሚል ያለፈ ነገር ካላገኙ፣ ያኔ መስጋትዎ ትክክል ነው። ልጅዎንም «ምን ተማርሽ?» ከሚለው ይልቅ «ምን አስቸገረሽ? ከማን ጋር ሠራሽ?» ቢሏት ብዙ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍል አርባ ልጆች አስተምራለሁ። ረዳት የለኝም፤ ከወንበርና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር ዕቃም የለም። በሥልጠና ላይ «ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ» ተባልን። አንድ ቀን ብሞክረው ክፍሉ ገበያ ሆነ፤ ርእሰ መምህሩም መጥተው ጸጥታ እንዳስከብር ነገሩኝ። ይህ አሠራር እንደ እኔ ባለው ክፍል ይቻላል? (አንዲት መምህርት)

መልስ፦ አርባ ልጆች ለአንድ ሰው ይበዛሉ፤ ይህን የትኛውም ዘዴ አይፈታውም። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን የሆነው ነገር ተስፋ ሊያስቆርጥዎ አይገባም፤ መምረጥም እንደ ማንኛውም ነገር የሚለመድ ነውና፣ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚቀመጡበትን እንኳ መርጠው የማያውቁ ልጆች በአንድ ጠዋት ሁሉንም ነገር ምረጡ ቢባሉ መራወጣቸው አይቀርም።

ጥቂት በጥቂት ይክፈቱት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ፣ ለምሳሌ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ለሁሉም ያቅርቡ፤ ዕቃው ከየት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሲያበቃ የት እንደሚመለስ ራሳቸው እየሠሩ ይልመዱት። ያ ሲለመድ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይጨምሩ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ አምስት ወይም ስድስት የሥራ ማዕዘኖች ይኖሩዎታል፤ አንድ ቦታ ቆመው ሁሉንም እንዲያዩ አድርገው ያደራጇቸው። በእያንዳንዱ ማዕዘን የአንገት ክር መስቀል መጨናነቅን ይቀንሳል፦ ሰባት ክር ከተሰቀለ ሰባት ልጅ ይሠራል፣ ክር ያጣው ልጅ ሌላ ማዕዘን ይፈልጋል ወይም ተራ ይጠብቃል። ዳኝነቱ ለክሩ ስለሚሆን የእርስዎ ድምፅ ያርፋል።

ዕቃ ለመግዛት አይጨነቁ። እንግሊዛዊው ሲመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ቦታ የሚገኘው የፈጠራና የግኝት መጠን በዚያ ቦታ ሊነሡ፣ ሊቀያየሩና ሊገጣጠሙ የሚችሉ ነገሮች ባላቸው ብዛትና ዓይነት እንደሚወሰን ተከራክሯል። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የእንጨት ቁርጥራጭ፣ ካርቶን፣ ገመድ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ደረቅ ቅጠልና ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከዚህ ይቆጠራሉ። አንድ ረዥም ቀጭን ጠርሙስና አንድ አጭር ሰፊ ሳህን ያለው የውኃ ማዕዘን ብቻውን ብዙ ሳምንት ያሠራል፤ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በታወቀ ሙከራው እንዳሳየው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ውኃው ከሰፊው ወደ ቀጭኑ ሲገለበጥ ከፍ ብሎ ስለሚታየው በዛ ብሎ ያስባል። አይረሙት። መልሶ እንዲገለብጠው ይጠይቁትና የሚለውን ያዳምጡ።

በደኅንነት በኩል ግን መጠንቀቅ ግድ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በክፍሉ ካሉ ትንንሽ ዕቃዎች ጨርሶ አይግቡ። የመጫወቻ ደኅንነት መስፈርቶች ለዚህ የሚጠቀሙበት መለኪያ አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ነው፤ በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ልጅን ሊያንቅ ይችላል ተብሎ ይቆጠራል። ቆርኪም ጠጠርም ይገባሉ። እንደ ቁልፍ ያሉ ክብ ባትሪዎችና ትንንሽ ማግኔቶች ከተዋጡ አንጀትንና ጉሮሮን ስለሚያቆስሉ በየትኛውም ዕድሜ ክፍል ውስጥ አይኑሩ። የውኃ ገንዳም ሥራው ሲያበቃ ወዲያው ይደፋ።

ለሥራው ቢያንስ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ያልተቆራረጠ ጊዜ ይስጡት። ሃያ ደቂቃ ዕቃ አውጥቶ ለመመለስ ብቻ ይበቃል። በዚያ ሰዓት እርስዎ ሁሉንም ማዕዘን ለመዳረስ ከመሮጥ ይልቅ በየቀኑ አራት አምስት ልጆችን መርጠው አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳሉ በአጭሩ ይጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባውንም ያዳርሳሉ።

ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው የሚሰሙት ጫጫታ ብቻ ነው። አንድ ቀን ገብተው ከአንድ ልጅ አጠገብ ለአሥር ደቂቃ እንዲቀመጡ ይጋብዟቸው፤ የጻፉትንም ያሳዩዋቸው። በሥራ የተጠመዱ ልጆች ድምፅና የተሰላቹ ልጆች ድምፅ እንደሚለያይ ማንም አጠገባቸው ሲቀመጥ ይሰማዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጅ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል? የሰው ልጅ በረዥም ዘመን ያከማቸውን እውቀት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በጠጠር እየተጫወተ ያገኘዋል ብሎ መጠበቅ፣ ለእኔ የመምህሩን ስንፍና ትምህርት ብሎ መጥራት ነው። (የቀድሞ መምህር)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ክርክርዎ ከግማሽ በላይ ትክክል ነው። ልጆችን ያለ ምንም ድጋፍ ዕቃ ሰጥቶ መተው ደካማ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የ164 ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ ያለ ድጋፍ የሚደረግ ግኝት በቀጥታ ከማስተማር ያነሰ ውጤት እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ነገር ግን የዚያው ሥራ ሁለተኛው ትንተና፣ ተማሪው ራሱ እየፈለገ፣ መምህሩ ግን በጥያቄ፣ በፍንጭና በግብረ መልስ ሲደግፈው የሚገኘው ውጤት ከሌሎቹ የማስተማሪያ መንገዶች በልጦ መገኘቱን ይናገራል። ስለዚህ ክርክሩ «ይነገር» እና «ይተው» በሚሉት መካከል ብቻ ሲሆን ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ሳይነሣ ይቀራል።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ መናገር የሚያስከፍለውን ዋጋ አሳይቷል። ኤልዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ ብዙ ስውር ነገሮች ያሉት አንድ መጫወቻ አዘጋጁ፤ አንዱ ክፍሉ ሲሳብ ይጮኻል፣ ሌላው ያበራል፣ ሌላው ዜማ ያሰማል፣ በአንዱም ውስጥ መስተዋት አለ። ለአንዳንድ ልጆች ተመራማሪዋ መጫወቻው እንዴት እንደሚሠራ እንደምታስተምር ሆና የሚጮኸውን ብቻ አሳየች፤ ለሌሎቹ ግን በድንገት እንዳገኘችው አስመሰለች፣ ወይም ምንም አላሳየችም። የተማሩት ልጆች የሚጮኸውን ደጋግመው ከጎተቱ በኋላ መጫወቻውን ቶሎ ተዉት፤ ሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አገላብጠው ተጨማሪ ነገሮችን አገኙ። የመጀመሪያዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ሲያስተምር ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ይነግረን ነበር ብለው በማሰባቸው ነው። ጥሩ አስተሳሰብ ነው፤ መምህሩ ያልጨረሰውን ነገር የጨረሰ ከመሰለ ግን ልጁ ፍለጋውን ያቆማል።

እኔ የማደርገው ልዩነት ይህ ነው። ሰዎች ተስማምተው የወሰኑት ነገር ሁሉ ይነገራል፦ የፊደል ድምፅ፣ የቁጥር ስም፣ የቀለም ስም፣ የመቀስ አያያዝ፣ ጓደኛን አለመምታት። ጠጠር ስሙን አይናገርም። ከነገሩ ባሕርይ የሚመነጨው ግን፣ ማለትም ምን እንደሚሰምጥና እንደሚንሳፈፍ፣ ምን ሚዛን እንደሚጠብቅ፣ ስንትና ስንት ቢደመር ስንት እንደሚሆን፣ ልጁ በእጁ ሊደርስበት የሚችለው ስለሆነ መልሱን ቀድሞ መስጠት ዕድሉን መቀማት ነው።

በልጆች ትምህርት የነፃነት ጠበቃ ተብላ የምትጠራው ጣሊያናዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪ ራሷ ስሞችን በቀጥታ ታስተምር ነበር፤ ለዚህም ፈረንሳዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሴጊን ከተዋት ሥራ የወሰደችው በሦስት ደረጃ የሚሰጥ በጣም አጭር ትምህርት ነበራት። መምህርቷ በመጀመሪያ «ይህ ቀይ ነው፤ ይህ ሰማያዊ ነው» ትላለች። ቀጥላ «ቀዩን ስጪኝ» ትላለች። በመጨረሻ አንዱን አንሥታ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅቷ ከተሳሳተች መምህርቷ አትቆጣም፣ አታርምም፤ ዕቃውን አንሥታ በሌላ ቀን ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ስንፍና የሚባለውም ነገር በዚህ አሠራር ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የትኛው ልጅ ለየትኛው ደረጃ እንደደረሰ በየቀኑ ማወቅ ለሁሉም አንድ ነገር ከመናገር የበለጠ ሥራ ይጠይቃልና።

ጥያቄ፦ መዋዕለ ሕፃናት ለመክፈት እየተዘጋጀን ነው። አንዱ «ሞንቴሶሪ» ይለናል፣ ሌላው «ሬጂዮ»፣ ሌላው ደግሞ «በጨዋታ መማር»። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውን ስም በራችን ላይ ብንጽፍ ይሻላል? (ለትምህርት ቤት ምሥረታ የሚደክሙ ባልና ሚስት)

መልስ፦ ስለ ስሙ ባጭሩ፦ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቀ ስላልሆነ ማንም በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል፤ ወላጆችም ይህን እያወቁ መጥተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ይወስኑ።

ከሁሉ ቀዳሚው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ ለትንንሽ ልጆች የጨዋታና የሥራ ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ «የልጆች አትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለው ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ስም ሰጠው። ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር በተርታ የሚሰጡበት ዕቃዎቹ «ስጦታ» ይባሉ ነበር።

ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያዋን «የልጆች ቤት» እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር ከፈተች። የአሠራሯ መለያ ዕቃው ራሱ ስሕተትን እንዲናገር ሆኖ መሠራቱ ነው፦ አሥሩን ሲሊንደሮች በየቀዳዳቸው የሚያስገባ ልጅ አንዱን ከተሳሳተ መጨረሻ ላይ የማይገባ ይተርፈዋል፤ ሮጦ መምህርቷን መጠየቅ አያስፈልገውም። ጎናቸው ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑት፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚደረደሩት የ«ሮዝ ግንብ» አሥር ኩቦችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ልጁ ሥራውን ይመርጣል፤ ዕቃውን የሚጠቀምበት መንገድ ግን በአብዛኛው የተወሰነ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል ሆነው ወደ ሦስት ሰዓት የሚደርስ ያልተቆራረጠ የሥራ ጊዜ ያገኛሉ።

ሬጂዮ ኤሚሊያ በጣሊያን ያለች ከተማ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በአጠገቧ የምትገኝ ቪላ ቼላ የተባለች መንደር ነዋሪዎች የተተወ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሸጠው በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ይህን ሰምቶ በብስክሌት የሄደው ወጣት መምህር ሎሪስ ማላጉትሲ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የዚህ ሥራ መሪ ሆነ። እዚህ የተወሰነ ዕቃም የተወሰነ ቅደም ተከተልም የለም። የልጆች አንድ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ጥላ ማታ የት ይሄዳል?» የሚለው፣ በሥዕል፣ በጭቃ፣ በብርሃንና በውይይት ለሳምንታት ሊጠና ይችላል። መምህራኑ የልጆቹን ንግግርና ሥራ መዝግበው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ልጆቹም ተመልሰው ያዩታል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ልምድ ያለው መምህር ይፈልጋል። አዲስ መምህራን ብቻ ይዞ በዚህ መጀመርን አልመክርም።

ሃይስኮፕ የሚባለው አሠራር ከእነዚህ ያነሰ ዝና ቢኖረውም ለጀማሪ ትምህርት ቤት ከሁሉ የሚቀልለው ይመስለኛል። ቀኑ የሚዞረው ልጁ ምን ሊሠራ እንዳሰበ በመናገር፣ በመሥራትና የሠራውን መልሶ በማውሳት ነው። ይህ አሠራር ያደገው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአሜሪካ ኢፕሲላንቲ ከተማ በተካሄደው የፔሪ መዋዕለ ሕፃናት ጥናት ውስጥ ነው። ከድሀ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆች ተሳተፉበት፤ ከፊሎቹ በፕሮግራሙ ሲማሩ ከፊሎቹ አልተማሩም። 40 ዓመት ሲሞላቸው የተማሩት በብዛት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸውና በወንጀል ብዙም ያልተያዙ ሆነው ተገኙ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ይህ ንጽጽር በፕሮግራሙ በተማሩና ምንም ባልተማሩ ልጆች መካከል የተደረገ በመሆኑ ሃይስኮፕ ከሞንቴሶሪ ይበልጣል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። መምህራኑም በየሳምንቱ ወላጆችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያገኙ ነበር፤ ውጤቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ጥያቄ፦ የልጄ መምህርት ሥዕል ለሣለ ልጅ ሁሉ ተለጣፊ ኮከብ ትሰጣለች። ልጄ አሁን ቤት ውስጥም «ኮከብ ካልተሰጠኝ አልሥልም» ይላል። ጎጂ ነው? (አንድ አባት)

መልስ፦ ልጅዎ ያለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በመዋዕለ ሕፃናት ባደረጉት ሙከራ በትክክል ታይቷል። ቀድሞውኑ ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ወስደው ለአንዱ ቡድን ሽልማት እንደሚሰጥ አስቀድመው ነገሩ፤ ሁለተኛው ቡድን ሳይጠብቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ በነፃ ሲቀርብላቸው፣ ለሽልማት ብለው የሣሉት ልጆች በሥዕል ላይ ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት አልተጎዱም። ጉዳቱ የመጣው «ይህን ካደረግህ ይህን ታገኛለህ» ከሚለው ውል ነው። ለመምህርቷ በአክብሮት ይንገሯት፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ኮከቡንም «ጎበዝ» የሚለውንም ትተው ስለ ሥዕሉ ይጠይቁት፦ «ይህ ማን ነው? እጁ ለምን እንዲህ ረዘመ?» ለጥቂት ቀናት ያኮርፍ ይሆናል። ቀለሙንና ወረቀቱን ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይተዉለት እንጂ አይለምኑት።

ጥያቄ፦ በክፍሌ ያለ አንድ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ምንም አይመርጥም። ከማዕዘን ማዕዘን እየሄደ ሌሎቹን ቆሞ ያያል። ልጁ ይምራ ከተባለ፣ የማይመራውን ልጅ ምን ላድርገው? (ረዳት መምህርት)

መልስ፦ ቆሞ ማየትም አንድ የጨዋታ ደረጃ ነው። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት ሌሎችን መመልከትን ብቻውን ከመጫወት፣ ጎን ለጎን ከመጫወትና አብሮ ከመጫወት ጋር ለይታ መዝግባዋለች። ለአንድ ሳምንት ያህል የት ቆሞ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያይ ይመዝግቡ፤ ሁልጊዜ የሚመለስበት ማዕዘን ካለ ምርጫው እሱ ነው፣ የሚቸግረው መግቢያው ይሆናል። ያን ጊዜ «ግባና ተጫወት» አይበሉት። ከሚያያቸው ልጆች ጥቂት ፈቅ ብለው እነሱ የያዙትን የመሰለ ዕቃ ይዘው ይቀመጡና ዝም ብለው ይሥሩ፤ አጠገብዎም ለአንድ ልጅ የሚሆን ቦታና ዕቃ ይተዉ። ብዙ ልጆች በዚህ መንገድ መጀመሪያ ከአዋቂው ጎን፣ ቀጥሎም ከልጆቹ ጎን ይቀመጣሉ። ምርጫ ሲሰጡት ደግሞ ክፍሉን በሙሉ አያቅርቡለት፤ «ውኃ ወይስ ጡብ?» ይበቃዋል። ሰው ስሙን ሲጠራው የማይዞር ከሆነ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት ከሆነ፣ ወይም ንግግሩ ከእኩዮቹ በጣም የዘገየ ከሆነ ግን ጉዳዩ የምርጫ አይደለምና ሳምንታት ሳይጠብቁ ወላጆቹን አነጋግረው የመስማትና የእድገት ምርመራ እንዲደረግለት ያሳስቡ።